የእናት መዝናኛ በየትኛው የሒሳብ መደብ ይመዝገብ?

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል መድረክ ላይ ሲወጣ ሁላችሁም የምትጠብቁት ቁጥር ነው። የቁጠባውና የብድሩ ዝርዝር በየእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ስለሰፈረ አንደግመውም። የተፈቀደልንን ጊዜ ከበጀት ረቂቁ ውስጥ ለአንዲት መስመር ልናውለው ወደናል። መስመሯ «ለመጽሐፍ ሣጥንና ለቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅት» ትላለች። ከወጪዎቻችን ሁሉ ትንሿ እሷ ናት፤ ረቂቁ በኮሚቴ ሲታይ ግን ረጅሙን ክርክር ያስነሣችው እሷው ናት። «በልጆች ትምህርት ሥር ትግባ» ያልን አለን። «በሥልጠና ሥር ብናደርጋት ለለጋሾች ለማስረዳት ይቀላል» ያልንም አለን። «ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ልብ ወለድና ፊልም ምን ሊፈይዱልን ነው? ጭራሽ ትውጣ» ያልንም አልጠፋንም። ከሒሳብ ክፍል በኩል የምናቀርበው ሐሳብ በራሷ ስም ትመዝገብ የሚል ነው፤ «የእናቶች መዝናኛ» ተብላ።

ለአዳዲስ አባላትና ለእንግዶቻችን እንዲገባ ያህል፣ ሣጥን የምንለው ቢሮው ጥግ ላይ የቆመውን ባለ ሁለት መደርደሪያ ቁም ሣጥን ነው። መጀመሪያ የእንጨት ሣጥን ስለነበረ ስሙ እንደዚያው ቀረ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይከፈታል። ሁለት ሁለት አባላት በተራ ልጆቹን በረንዳው ላይ ይዘው ይቆያሉ። ሌሎቻችን መጽሐፍ እንመልሳለን፣ እንወስዳለን፣ ቡና ይፈላል፤ ከዚያ በቢሮው ቴሌቪዥን አንድ ፊልም ወይም ያመለጠንን ተከታታይ ድራማ እናያለን። ይኸው ነው። የሥልጠና ሰነድ የለውም፤ የመገኘት ፊርማም አናስፈርምም።

እናት የምታነበው መቼ ነው? እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ መልሳችን ሁሉ ተመሳሰለ። ምጣዱ እስኪግል። የታክሲ ሰልፍ ላይ። ልጅ ታሞብን ጤና ጣቢያ ካርድ እስኪወጣ። ማታ ደግሞ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እንቅልፍ እስኪጥለን ድረስ፣ ሦስት ገጽ። ከሦስቱ አንዱን በማግስቱ መድገም አለብን፤ ያነበብነው ዓይናችን ከተከደነ በኋላ ነውና። አንዲት አባላችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለመጨረስ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቶባታል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በአንድ ሳምንት የጨረሰው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። እሷ ግን ጉዱ ካሣን የምታወራው እንደ ጎረቤቷ ነው። ከአንድ ክረምት በላይ አብሯት ኖሯል፤ ልጇ ኩፍኝ ሲይዘው ነበረ፣ ኪራይ ሲጨመርባትም ነበረ።

የቤት ሥራ እጅና ዓይን ይፈልጋል፤ ጆሮን ግን ብዙ ጊዜ ይተዋል። ብዙዎቹ እናቶቻችን መጻሕፍትን ያወቁት በጆሯቸው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ አልቅሰዋል፤ ለቅሶውንም በሽንኩርቱ አሳበዋል። ዛሬ ሬዲዮው ስልክ ውስጥ ገብቷል። የሸገር 102.1 ትረካዎችን በሚሞሪ አስጭነው የሚያዳምጡ አባላት አሉን፤ ማዳመጫውን የሚሰኩት በአንድ ጆሯቸው ብቻ ነው። ሌላው ጆሮ የልጁ ነው።

ስለ ፊደል ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች በመካከላችን አሉ። ምስክር ወረቀታቸውን እስከ ዛሬ ያስቀመጡም አሉ። ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ግን ብዙዎቹ የሚነበብ ነገር እጃቸው አልገባም፤ ፊደሉም እንደ ዛገ ማጭድ ቀረ። ከእነሱ አንዷ እማማችን ሣጥኑ በተከፈተ ሰሞን መጥተው ከልጆቹ ክፍል ትልልቅ ፊደል ያለው የተረት መጽሐፍ መረጡ። «ለልጅ ልጅዎ ነው?» ስንላቸው «ለእኔ ነው፤ እሱ የራሱን ይውሰድ» አሉን። አሁን አራተኛ መጽሐፋቸው ላይ ናቸው። በሕይወት ተፈራ የተጻፈውን «ማማ በሰማይ»ን ደግሞ ልጃቸው እያነበበችላቸው ነው። የእሳቸው የወጣትነት ዘመን ታሪክ ነው፤ በየመሃሉ «ቆይ ቆይ» እያሉ የራሳቸውን ስለሚጨምሩበት መጽሐፉ ከደራሲዋ ጽሑፍ በእጥፍ ሳይረዝም አይቀርም።

ወደ ቴሌቪዥን እንምጣ። በብዙ ቤት የሪሞቱ ነገር የታወቀ ነው። የ2 ሰዓት ዜና የአባት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ እግር ኳስ ነው፤ ጠዋት የልጆች ነው። እናት የምታየው ሁሉም ሲጠግቡ የቀረውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ምስር እየለቀመች፣ ልብስ እያጠፈች፣ ከወጥ ቤት እየተመላለሰች። አንዳንዶቻችን ለዓመታት የተከታተልናቸውን ድራማዎች ግማሹን ያየነው ከወጥ ቤት በር ላይ ቆመን ነው። ቅዳሜ ቢሮው ውስጥ አንዲት አባል «ተቀምጬ ያየሁት የመጀመሪያው ፊልም ይኸ ነው» ስትል የሳቅንባት የለችም፤ ሁላችንም ገብቶናል።

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር የተነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። የአገራችን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ሥራችንን ያዳክማል ብለው ተቃውመዋል፤ በየሰፈሩም ባህል ያበላሻል፣ ትዳር ያፈርሳል ተብሏል። የባለሙያዎቹን ስጋት እንረዳለን፤ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን በዚያ ክርክር ውስጥ ብዙም ያልተነሣ አንድ ነጥብ ነበር። በጽሑፍ የተተረጎመ ፊልም ፈጥኖ ማንበብ ለሚችልና ዓይኑን ከመስኮቱ ለማይነቅል ሰው ነው። በድምፅ የተመለሰ ድራማ ግን ምስር የምትለቅመውም፣ ፊደል ያልቆጠረችውም እኩል ትከታተለዋለች። እናት ከቤተሰቡ ጋር እኩል ያየችው ብዙ ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል እነዚህ ድራማዎች ሁሉ ግሩም ናቸው አንልም። በር ተንኳኩቶ የሚከፈተው በሳምንቱ የሆነባቸው አሉ።

ከቤሩት የተመለሰች አባላችን በዚህ ነገር ከሁላችንም ቀድማለች። የሦስት ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የሄደችው። በ2000 ዓ.ም. «ኑር» የተባለው የቱርክ ድራማ በሶርያ ዓረብኛ ድምፅ ተመልሶ በዓረቡ ዓለም ቤቱን ሁሉ ሲያስቀምጥ እሷ ሳሎኑ ውስጥ ልብስ ትተኩስ ነበር። ቋንቋውን የተማረችው ከትእዛዝ ሳይሆን ከድራማው ነው ትላለች። ትእዛዝ ቃሉ አጭር ነው፤ «አምጪ፣ ውሰጂ፣ አጽጂ» ነው። ድራማው ግን መለመንን፣ መቆጣትን፣ ይቅርታ ማለትን፣ ልጅ መናፈቅን አስተማራት። በዚያች አንዲት ሰዓት ማዳሟም እሷም አንድ ነገር እያዩ ያለቅሱ ነበር። ድራማው ሲያልቅ ማዳሟ ወደ መኝታዋ፣ እሷ ወደ ዕቃ ማጠቢያው። ታሪኩን ስታወራን ምሬት የለባትም፤ ልጇን ስታነሣ ግን ድምፅዋ ይቀየራል። ካና መጥቶ አንዳንዶቹን ድራማዎች በአማርኛ ማየት ስንጀምር እሷ ቀድማ በዓረብኛ ስላየቻቸው መጨረሻቸውን ታውቅ ነበር። «እባክሽ እንዳትነግሪን» እያልን ለምነናታል።

የአገራችንንም አልተውንም። በሴቶች ደራሲያን የተጻፈውና በገጠር ሕይወት ላይ የቆመው «እረኛዬ» በአርትስ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ያመለጣቸው አባላት ቅዳሜ ተሰብስበው አይተውታል። ስለ ሬዲዮው ያወራንለት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም በቅርቡ ተከታታይ ድራማ ሆኖ መጥቷል። ያ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያነበበችው አባላችን ተዋንያኑን ከራሷ ሰዎች ጋር እያስተያየች ግማሹን አልተቀበለቻቸውም።

በሥልጠና ሥር ይግባ የሚሉ እህቶቻችን ጥሩ ማስረጃ አላቸው፤ «ድፍረት» የተባለው ፊልም። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ሥራ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ተጠልፋ የጠለፋትን ሰው የገደለችን አንዲት ታዳጊና የቆመችላትን የሕግ ባለሙያ እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። ጉዳዩ በተፈጸመበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት ከክስ የሚድንበት ቀዳዳ ነበረው፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ያ ቀዳዳ ተዘግቷል። እንግዲህ ይህ ፊልም ለሥልጠና ቢቀርብ ማን ይቃወማል? እኛም አይተነዋል። ያን ቀን ቡናው ቀዝቅዞ ቀረ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናታችን ፊልሙ ሲያልቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ምንም ሳይናገሩ ወጡ። በአሥራ አምስት ቀኑ ሲመለሱ ሴት ልጃቸውን አስከትለው ነበር፤ «ይደገምልን» ብለው ጠየቁ። ደገምንላቸው። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነው ያየችው። ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቅንም፤ ይህ በሥልጠና ሪፖርት ላይ የሚገባ አይደለም። በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ አባላቱ በአንድ ድምፅ «አሁን የምንስቅበት ይሁን» አሉ። ኮሜዲ አደረግን። እነዚያ እናታችን ከሁላችን በላይ ሳቁ። መስመሯ በሥልጠና ሥር ብትሆን ኖሮ ሦስተኛው ቅዳሜ አይኖርም ነበር።

በሒሳብ ሥራ ያየነው ነገር ይህ ነው። አንድ ወጪ የተመዘገበበት መደብ ውሎ አድሮ ወጪውን ራሱን ይለውጠዋል። በሥልጠና ሥር ከገባ በሚቀጥለው ዓመት ኦዲተሩ የሥልጠና ሰነድና የተሳታፊዎች ፊርማ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ትክክል ነው። ያኔ ልብ ወለዱ ወጥቶ የዶሮ እርባታ መመሪያ ይገባል። መመሪያው መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለእሱ ሌላ መስመር አለው። በልጆች ትምህርት ሥር ከገባ ደግሞ ቁም ሣጥኑ በአጋዥ መጻሕፍት ይሞላል፣ እናት ቅዳሜ የምትመጣው ለልጇ ልትወስድ ብቻ ይሆናል።

የልጆቹ ነገር ቀላል አይደለም፤ እናውቃለን። በእኛ ዕድሜ ያለን አብዛኞቻችን በአባባ ተስፋዬ ተረት ያደግን ነን። አንድ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ ያዳምጥ ነበር፤ እናቶችም ከበር ላይ ሆነው ያዳምጡ እንደነበር አሁን ነው የገባን። ልጆቻችን ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አይተዋል፤ አንዲት አስተማሪ ከባለቤቷ ጋር በአሻንጉሊት ቀጭኔ የጀመረችውን ዝግጅት። እናቱ መጽሐፍ ይዛ የሚያያት ልጅ መጽሐፍ መያዙ አይቀርም፤ በየቤታችን አይተነዋል። ይህን ሁሉ ግን የጉዳያችን ምክንያት ልናደርገው አንፈልግም። እናት የበላችው ወተት ሆኖ ለልጅ ይደርሳል ብለን ምግቧን በልጁ ስም አንመዘግብም።

ከሁሉም የከበደንን ተቃውሞ ከአንዲት አባላችን ነው ያገኘነው። ሦስት ቅዳሜ ቀረች። ስንጠይቃት ቤት ውስጥ «ማህበር ብለሽ ፊልም ልታዪ ነው የምትሄጂው?» ተብላለች። «ሥልጠና ነው ብላችሁ ማህተም ያለበት ወረቀት ጻፉልኝና ልምጣ» አለችን። ለብዙ ሴት የሥልጠና ስም መውጫ በር ነው፤ ይህን አንክድም። ወረቀቱን ግን አልጻፍንላትም። ውሸት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ደግሞ ሥልጠና ማለቂያ አለው፤ ሲያልቅ ወደ ቤት ግቢ ትባላለች። በምትኩ ሁለት ትልልቅ እናቶች ቤቷ ሄደው ቡና ጠጡ፣ ስለ ኑሮ አወሩ፣ ስለ እግር ኳስ ጭምር አወሩ፣ ሲወጡም «ልጃችንን ቅዳሜ እንጠብቃታለን» ብለው ወጡ። አሁን ትመጣለች። ሁልጊዜ አይደለም።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንበል፤ የሒሳብ ሰዎች ነንና ይህን ሳንል አንወርድም። መጽሐፍ የምትወስድ አባል ስሟን፣ የመጽሐፉን ቁጥርና ቀኑን በደብተር ታስመዘግባለች። የመመለሻ ቀን የለም። እንደ ብድሩ ቀን ይወሰን፣ ላሳለፈችም መቀጮ ይኑር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ኮሚቴው አልተቀበለውም። የብድር መቀጮ ያለባት አባል ከፍላ ትመጣለች፤ የምትነግድበት ነውና። የመጽሐፍ መቀጮ ያለባት እናት ግን ቅዳሜ መምጣቱን ትተወዋለች። በመቀጮ ፈንታ ወረፋ አለን። ከጀርባሽ የምትጠብቀው ሴት ስም ይጻፋል፤ ጉሊት ላይ ስታገኝሽ «የት ደረስሽ?» ትልሻለች። ይህ ከመቀጮ ይበልጥ ይሠራል።

መጻሕፍቱ የየቤታችንን ምልክት ይዘው ይመለሳሉ። የዘይት ጠብታ፣ የእርድ ጣት፣ በዕልባትነት የተረሳ የመብራት ደረሰኝ። አንድ ልብ ወለድ ከ113ኛው እስከ 120ኛው ገጽ በሁለት ዓመት ሕፃን ተቀዶ ተመለሰ። እናቲቱ አዲስ ልግዛ ብትልም የዛሬ የመጽሐፍ ዋጋ ከአቅሟ በላይ ነው። ቀድመው ያነበቡት ሁለት አባላት ቁጭ ብለው በእነዚያ ገጾች ውስጥ የሆነውን በደብተር ወረቀት ጻፉት፤ ወረቀቱም በቦታው ተሰፋ። ሁለቱ ግን አልተስማሙም። አንደኛዋ ሰውየው ይቅርታ ጠይቋል ትላለች፤ ሌላዋ አልጠየቀም፣ አንገቱን ነው የደፋው ትላለች። ሁለቱም ተጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ያ መጽሐፍ ወረፋ ተለይቶት አያውቅም።

ለጋሾቻችን፣ ስለ ውጤቱ ብትጠይቁን የምንሰጣችሁ የታመነ ሒሳብ ነው። ስንት መጽሐፍ ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ ለስኳርና ለቡና ምን ያህል ተከፈለ፤ ደረሰኙ በሙሉ አለ። በንባቡ ምክንያት ቁጠባችን አደገ የሚል ሪፖርት ግን ከእኛ አትጠብቁ፤ ማረጋገጥ የማንችለውን ነገር አንፈርምበትም። ቁጠባ ለቁጠባ ነው፣ ብድር ለብድር ነው፤ ይህችኛዋ ደግሞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ማንም «እማዬ» ሳይላት የምትቀመጥ ሴት ናት። ይህን የማይደግፍ ለጋሽ ቢኖር ቅር አንሰኝም፤ መስመሯን ከአባላት መዋጮ እንሸፍናታለን። ለዚህም ነው ትንሽ ያደረግናት።

ስለዚህ ለድምፅ የምናቀርበው፣ መስመሯ «የእናቶች መዝናኛ» ተብላ በራሷ መደብ እንድትመዘገብ፣ ገንዘቡም ለመጻሕፍት፣ ለቡናና ለስኳር እንዲሁም በረንዳው ላይ ለሚቆዩት ልጆች ምንጣፍ እንዲውል ነው። እጅ የምታወጡት ከሰብሳቢያችን ንግግር በኋላ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የልጅ ጥበቃ ተራ ያላችሁ ሁለት አባላት ስማችሁ በሩ ላይ ተለጥፏል። «ኦሮማይ»ን የወሰደች እህታችን ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አልታየችም፤ ሦስት ሰው ወረፋ ይዟል። ካልጨረስሽውም ግድ የለም፣ ይዘሽው ነይ፤ ከየት እንዳቆምሽ እንጽፍልሻለን፤ ተራሽ ሲደርስ ትቀጥያለሽ።